የማታ ፕላስተርና የላስታ ፀሐይ

እርጅናን ወድዶ የተቀበለ ሰው በታሪክ አልተሰማም። ሽበት ሲመጣ ቀለም፥ ጥርስ ሲወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ፥ ዓይን ሲደክም መነጽር እየተተካ እዚህ ደርሰናል። ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስጨንቀው ግን ፊት ላይ የምትወጣው የመጀመሪያዪቱ መሥመር ናት። ሽበትን ሻሽ ይሸፍነዋል፤ ጥርስንም ከንፈር ይከድነዋል፤ ግንባርና የዓይን ጅራት ግን ለተመልካች ሁሉ የተገለጡ ናቸውና ምን ይደረግላቸው? ለዚህ ጥያቄ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ መልስ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ በእጅ ስልክ አማካይነት በየቤታችን ገብቷል። ይኸውም ማታ ሲተኙ ፊትን በፕላስተር ለጥፎ ማደር ነው።

እኛ ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናችን ያየነው በአዲስ አበባ የቁንጅና ሳሎን ውስጥ ሳይሆን፥ ሰው በማይጠረጥረው ሥፍራ፥ በላስታ ደጋ፥ በላሊበላ ከተማ ነው።

ጊዜው የገና ሰሞን ነበር። እንደሚታወቀው ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ የጌታ ልደት ከንጉሡ ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር በአንድነት ይከበራልና፥ ከየአገሩ በእግርም በመኪናም የሚጎርፈው ምእመን ከተማዪቱን ያጨናንቃታል። ማደሪያ ጠፍቶ ስለ ነበር እኛም በዘመድ ዘመድ ተመርተን ከአንዲት ባልቴት ቤት አረፍን። በዚያው ቤት ከእኛ ሌላ አንዲት እንግዳ ነበረች። እርስዋም የባልቴቲቱ የልጅ ልጅ ስትሆን፥ ከአሥር ዓመት በላይ በአሜሪካ ኖራ፥ ገናን ከአያትዋ ጋር ለማክበርና ከጥምቀት በኋላ በሚደገሰው የታናሽ ወንድምዋ ሠርግ ላይ ለመገኘት የመጣች ናት። ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ለመኑን አናነሣም።

ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ፥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም፥ ባልቴቲቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነሥተው ነጠላቸውን በኩራዝ ሲፈልጉ ብርሃኑ በተኛችው ልጅ ፊት ላይ አረፈ። ወዲያው ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

«እመ ብርሃን ድረሽ! ማን ነው የፈነከተሽ ልጄ?»

እኛም ደንግጠን ብንሮጥ ያየነው ነገር በእውነትም የሚያስደነግጥ ነበር። የልጅቱ ግንባር ከጆሮ ግንድ እስከ ጆሮ ግንድ በሰፊ ፕላስተር ታስሯል። በሁለቱ ቅንድቦችዋ መካከል ሦስት ማዕዘን የሆነ ቁራጭ ተለጥፏል። በዓይንዋ ጅራት ግራና ቀኝ፥ በአፍዋም ዳር ዳር እንዲሁ። ልትመልስ ብትፈልግ አፍዋ እንደ ልብ አልከፈትላት አለ። በመጨረሻ የአፍዋን ዳር ፕላስተር ላጥ አድርጋ፥

«ምንም አልሆንኩም እማማ! ፊቴ እንዳይጨማደድ ብዬ ነው» አለች።

ባልቴቲቱ በቆሙበት ጥቂት አሰቡና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔስ ራሴን ሲያመኝ ነው ግንባሬን የማስረው። አንቺ ምንሽን ታመሽ ነው?»

እኛም ሳቅን። በማግሥቱ ግን ነገሩ የሳቅ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን።

ሰላምታችንና ፊታችን

ልጅቱ ሠላሳ አራት ዓመትዋ ነው። ከመጣች ጀምሮ ለሰላምታ የገባ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ አቅፎ ከሳመ በኋላ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል «ምነው ከሳሽ?»፥ «ምነው ጠቆርሽ?»፥ ወይም «ምነው እንዲህ ጎሰቆልሽ?» የሚል ነበር። ይህ በአገራችን የፍቅር አነጋገር እንጂ የስድብ አይደለም። ርቆ የሄደን ሰው መናፈቃችንን የምንገልጸው አካሉን አገላብጠን በማየት ነው። የሚሰማው ሰው ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይሰማውም።

«እዚያ አገር ስለ ፊቴ የሚነግረኝ ሰው የለም። እዚህ ግን ሰላምታው ራሱ ስለ ፊቴ ነው» አለችን። «ታናሼ ሊያገባ ነው። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ ከሙሽራዪቱ ቀጥሎ የሚያየው እኔን ነው። እስከዚያ ድረስ ትንሽ ቢስተካከል ብዬ ነው።»

ፕላስተሩንም አሳየችን። ስፖርተኞች ጉልበታቸውንና ትከሻቸውን የሚለጥፉበት ዓይነት፥ የሚለጠጥ ጨርቅ የመሰለ ነው። ቆዳን ወደ ላይና ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ይለጠፋል፤ ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ያድራል፤ ጧት ይላጣል። በቲክቶክ የተመለከተቻቸው ሴቶች ሁሉ ፕላስተሩን ላጥ ሲያደርጉ ግንባራቸው እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ይታያል አለችን።

እኛም ነገሩን እንዲሁ ከመንቀፍ ወይም እንዲሁ ከማድነቅ መርምረን ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ይሻላል ብለን አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ፊትን ለጥፎ ማደር የእጅ ስልክ ዘመን ፈጠራ ይመስላል እንጂ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1889 ዓ.ም. ማርጋሬት ክሮሰን የምትባል አሜሪካዊት የቤት እመቤት «ፍራውኒስ» የተባለውን የፊት ልጣፍ ሠራች። ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው፥ ልጅዋ ፒያኖ ተጫዋች ነበረችና አጥብቃ ስታስብ ግንባርዋን የመቋጠር ልማድ ስለ ነበራት እርሱን ለማስተው የተፈለሰፈ ነው። ልጣፉ ቡናማ ወረቀት ሲሆን ከጀርባው ሙጫ አለው፤ በውኃ እርጥብ ተደርጎ በግንባርና በቅንድብ መካከል ይለጠፋል። እስከ ዛሬም ይሸጣል።

በ1950 ዓ.ም. በወጣው «ሰንሴት ቡሌቫርድ» በተባለው ዝነኛ ፊልም ላይም ግሎሪያ ስዋንሰን ዘመንዋ ያለፈባትን ተዋናይት ሆና ስትጫወት፥ ወደ ፊልም ሥራ እመለሳለሁ በሚል ተስፋ ፊትዋን በልጣፍ ሸፍና የምትታይበት ትርኢት አለ። ተመልካቹ ያን ጊዜ ያዝንላት ነበር። ዛሬ ሴቶቹ ራሳቸውን በዚያው መልክ ቀርፀው ለዓለም ያሳያሉ። ዘመን እንዲህ ይለወጣል።

የሚለጠጠው የስፖርተኞች ፕላስተር ደግሞ በ1970ዎቹ ዓመታት ኬንዞ ካሴ በተባለ ጃፓናዊ የተፈለሰፈ ነው። የተሠራውም ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም እንጂ ለቁንጅና አልነበረም። ከጉልበት ወደ ግንባር የወጣው በቅርብ ጊዜ ነው።

ፊት ለምን ይጨማደዳል?

ፕላስተሩ የሚሠራና የማይሠራ መሆኑን ለመፍረድ በመጀመሪያ መሥመሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሰው ቆዳ እንደ ቤት ነው ቢባል፥ ከላይ የምናየው ክዳኑ ነው፤ ቤቱን ያቆሙት ማገርና ምሰሶዎች ግን ከሥር ናቸው። ከእነዚህም ዋነኛው ኮላጅን የተባለው ቆዳን የሚያጠነክር ክር ሲሆን፥ ሁለተኛው ኤላስቲን የተባለው እንደ ላስቲክ ተስቦ የሚመለስ ክር ነው። ኮላጅን ከጉልምስና መግቢያ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። ማገሩ ሲሳሳ ክዳኑ ይሰረጉዳል።

ሁለተኛው ምክንያት እንቅስቃሴ ነው። ስንስቅ፥ ስንቆጣ፥ ዓይናችንን ስናጠብ ከቆዳው ሥር ያሉት ጡንቻዎች ቆዳውን ያጥፉታል። ወረቀት በአንድ ሥፍራ ደጋግሞ ቢታጠፍ መሥመር እንደሚያወጣ ሁሉ ፊትም እንደዚያው ነው። ሦስተኛው በጎን ወይም በሆድ ስንተኛ ትራሱ ፊታችንን በመጫን የሚያወጣው መሥመር ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፀሐይ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ወደ ቆዳው ጥልቅ ገብቶ ኮላጅኑን ይበጣጥሰዋል፤ ኤላስቲኑንም ያበላሸዋል። ይህ ጨረር ደመናን ያልፋል፤ ከእርሱም አንደኛው ዓይነት የመስኮት መስተዋት እንኳ አያግደውም። በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የአንድ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት የጭነት መኪና ነጂ ሥዕል ወጥቶ ነበር። ሰውዬው 28 ዓመት ሙሉ መኪና ሲነዳ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ የመታው ግራ ፊቱ ብቻ ነበርና፥ ግራው የአባት ቀኙ የልጅ ፊት መስሎ ይታያል። የሁለቱም ጉንጮች ዕድሜ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ፀሐዩ ብቻ ነው።

ፕላስተሩ ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ወደ ፕላስተሩ እንመለስ። ያለ አድልዎ ለመናገር፥ ጧት ሲላጥ ቆዳው ለስልሶ መታየቱ ውሸት አይደለም። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፥ ፕላስተሩ የቆዳው እርጥበት ተንኖ እንዳይጠፋ ስለሚከድነው ቆዳው ወዝ ይዞ ያብጣል፤ ቀጫጭኖቹም መሥመሮች ይሞላሉ። ሁለተኛ፥ ሌሊቱን ተወጥሮ ያደረ ቆዳ እስኪመለስ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይፈጃል። ነገር ግን ቁርስ ተበልቶ፥ ከሰው ጋር ተስቆ፥ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኮላጅን አልተጨመረም፤ ጡንቻም አልደከመም፤ የተበጣጠሰውም ክር አልተቀጠለም።

ፕላስተር ጡንቻን ያዝላል የሚሉ ሰዎች ከመርፌው ጋር ያምታቱታል። ቦቶክስ የተባለው መርፌ በእርግጥ የጡንቻውን ነርቭ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ያህል ያስተኛዋል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በቅንድብ መካከል ላለው መሥመር በ2002 ዓ.ም. ፈቅዶታል። ፕላስተር ግን ከላይ የተለጠፈ ጨርቅ ነው። ቢበዛ የሚያደርገው ነገር፥ ግንባርዋን የምትቋጥር ሰው ስትቋጥር እንዲሰማትና እንድትተው ማስታወስ ነው። ይህም ቢሆን የሚጠቅመው ቀን ነቅቶ ሳለ ነው እንጂ፥ በእንቅልፍ ልቡ ፊቱን ቀን እንደሚያደርገው የሚቋጥር ሰው ጥቂት ነው። ስለ ቆዳ የሚያጠኑ ሐኪሞችም ማታ ማታ የሚለጠፍ ፕላስተር የፊት መጨማደድን ለዘለቄታው ስለ መከላከሉ በቂ ማስረጃ የለም ይላሉ።

ፕላስተር ለቆዳ ምንም ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ስፌቱ እንዳይሳብ የወረቀት ፕላስተር ለሳምንታት ቢለጠፍበት ጠባሳው ሳይፋፋ በቀጭኑ እንደሚድን በጥናት ታይቷል። ነገር ግን ስፌት ቁስል ነው፤ እየዳነም ያለ ነው። ጤነኛ ግንባር ስፌት አይደለም።

ጉዳቱስ? የእንግዳችን ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ቸኩላ በግራ ዓይንዋ ሥር የነበረውን ፕላስተር በአንድ ጊዜ ሳብ ብታደርገው የላይኛው ቆዳ አብሮ ተላጠ። የዓይን ሥር ቆዳ ከአካላችን ሁሉ ስስ ነውና አያስደንቅም። ሥፍራው በመጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያም አረረ፤ በሳምንቱ ጠቆረ። እርስዋ የፈራችው ከአንድ ሜትር የማይታይ ቀጭን መሥመር ነበር። ያተረፈችው ከበር የሚታይ ጥቁር ምልክት ሆነ። ለሠርጉ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ያን ቀን ስታለቅስ አገኘናት።

ይህ ነገር በተለይ ለእኛ አገር ሰው ሊታወቅ ይገባዋል። ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ሲላጥ፥ ሲቃጠል ወይም ሲቆጣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ ሌላ የፕላስተሩ ሙጫ የማይስማማቸው ሰዎች ፊታቸው ያሳክካል፤ ሽፍ ይላል። ቡግር ያለባት ልጅ ቡግሩ ይብስባታል። ዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ቆዳው ስለ ሳሳ ይበልጥ ይላጣል። መሥመሩን ለማጥፋት የተለጠፈው ፕላስተር መሥመር ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ አደገኛ መሆኑ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

የላስታ ፀሐይ

ልጅቱን ለማጽናናት አያትየው አጠገብዋ ተቀመጡና፥ «እስቲ የእኔን እዪው» ብለው ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። እኛም አብረን አየን። የባልቴቲቱ ጉንጭና የግንባራቸው ታችኛ ክፍል በመሥመር የታረሰ ነው። ሻሹ ሰባ ዓመት ያህል ያረፈበት የግንባራቸው ላይኛ ክፍል ግን ለስላሳና ፈካ ያለ ነበር። እጅጌአቸውንም ጠቅልለው የክንዳቸውን ውስጥ ቢያሳዩን የወጣት ክንድ ይመስላል።

«እኔን ዓመቱ አይደለም የበላኝ፤ ፀሐዩ ነው» አሉ። «አጨዳ ስንወርድ፥ ውኃ ስንቀዳ፥ ቅዳሜ ገበያ ስንውል ማን ጥላ ያስብ ነበር?»

ማንበብና መጻፍ የማይችሉት እኚህ ባልቴት የተናገሩት ሐኪሞቹ በመኪና ነጂው ፊት ላይ ካነበቡት ጋር አንድ ነው። ላስታም ይህን ለመማር ከማንኛውም ሥፍራ የተሻለ ትምህርት ቤት ናት። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታልና፥ የላሊበላ ሰው በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ይልቅ ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ያገኘዋል ማለት ነው። ከምድር ወገብም ብዙ ስላልራቀች ፀሐዩ በቀትር ከአናት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨረሩን ኃይል በቁጥር ለክቶ 11ንና ከዚያ በላይ ያለውን ከሁሉ የከፋ ብሎ ይመድበዋል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ በቀትር ሰዓት ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይደረስበታል።

የደጋ ፀሐይ ተንኮለኛነቱ ግን አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ላይ ነው። በቆላ ሙቀቱ ራሱ ሰውን ወደ ጥላ ያባርረዋል። በደጋ ግን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ሰው «ፀሐይ ልሙቅ» ብሎ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። እንግዳዪቱም ከመጣች ጀምሮ በየጧቱ ከደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች ቡናዋን ትጠጣ ነበር። ማታ ፕላስተር፥ ቀን ፀሐይ! አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው። ጅቡ በቀን መጥቶ በልቶ ሄዷል፤ ፕላስተሩ የሚጮኸው ሌሊት ነው።

ለነገሩ ላሊበላ ላይ ጥላ ማበጀት አዲስ አይደለም። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ ዘመናት ያወረዱት ዝናብና ያወጡት ፀሐይ ዓለቱን ሰነጣጥቆት ነበር። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ቤተ መድኃኔ ዓለምን፥ ቤተ ማርያምንና ሌሎቹን የሚሸፍኑ አራት ትላልቅ መጠለያዎች በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቆሙ። ስለ መጠለያዎቹ ክብደትና መልክ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ እርሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ለዓለት ጥላ ያስፈለገው ለሰው ቆዳ እንዴት አያስፈልገው?

እዚህ ላይ ለማመዛዘን ያህል አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። የእኛ ቆዳ ሜላኒን የተባለው ቀለም ስላለው ከነጮቹ ይልቅ ፀሐይን ይቋቋማል፤ መሥመሩም ዘግይቶ ይወጣብናል። ፀሐዩ እኛን ቀድሞ የሚጎዳን በማድያትና በጥቁር ነጠብጣብ ነው። ስለዚህ በነጮች ፊት ላይ የተፈተነውን ሁሉ እንዳለ አምጥቶ በራስ ፊት ላይ መለጠፍ ማመዛዘን ይጎድለዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛው መድኃኒት ጥላ ነው። የላስታ ካህን ያለ ጃንጥላ መንገድ ሲወጣ አይታይም። ሻሽ፥ ነጠላ፥ ሰፋ ያለ ባርኔጣና ጃንጥላ በተለይ ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ፊትን ቢያለብሱት ከማንኛውም ልጣፍ ይበልጣሉ። ነጠላውን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ መልበስ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው።

ሁለተኛው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። በአውስትራሊያ ናምቡር በምትባል ከተማ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች አራት ዓመት ተኩል ያህል ተጠንተው ውጤቱ በ2013 ዓ.ም. ታትሟል። ቅባቱን በየቀኑ እንዲቀቡ የታዘዙት ሰዎች ቆዳ፥ እንደ ፈለጉ ከሚቀቡት ይልቅ 24 በመቶ ያነሰ የእርጅና ምልክት ታይቶበታል። ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ ቅባት ይመረጣል። ዋጋው ለብዙ ሰው የማይቀመስ መሆኑን እናውቃለን፤ ጥላን አስቀድመን የጠቀስነውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጭስ ነው። የሲጋራ ጭስ ኮላጅንን እንደሚያጠፋ ከታወቀ ቆይቷል። በእንጨትና በከሰል የሚያበስሉ ሴቶች ፊትም ይበልጥ እንደሚጨማደድ በቻይና የተደረገ ጥናት አመልክቷል። ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ለሳንባና ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለፊትም ነው ማለት ነው።

አራተኛው የሐኪም ነገር ነው። ሬቲኖይድ የተባሉት ቅባቶች ቀጫጭን መሥመሮችን በእርግጥ እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል፤ ነገር ግን ቆዳን ያስቆጣሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽማ ልትጠቀምባቸው አይገባም። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ አይወሰዱም። በአዲስ አበባ በ1965 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሥፍራ ነው። በየሱቁ የሚሸጡትን ስማቸው የማይታወቅ ማቅያ ቅባቶች ግን እንጠንቀቃቸው። በውስጣቸው ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ ስቴሮይድ ቆዳን አሳስቶ መሥመሩን ያብሰዋል፤ ሜርኩሪም ኩላሊትን ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ሰምታ አሁንም ፕላስተሩን መሞከር የምትፈልግ እኅት ብትኖር፥ የስፖርተኞቹን ትታ ለቁስል የሚሆነውን ቀለል ያለ የወረቀት ፕላስተር ትምረጥ። አስቀድማ ከክንድዋ ላይ አንድ ሌሊት ትፈትነው። ቆዳዋን አትወጥረው። ከዓይንዋ ሥር አታድርሰው። ሲላጥም በዘይት ወይም በለብ ያለ ውኃ አርሳ ቀስ ብላ ታንሣው። በተላጠ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን ፈጽሞ አይለጠፍም።

የሠርጉ ቀን

እኛ ከሠርጉ በፊት ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ስለ እንግዳዪቱ ግን ማሰባችን አልቀረምና በስልክ ጠየቅን። ሠርጉ አምሮ መዋሉን ነገረችን። ምልክቱስ? ገና አልጠፋም። አንድ የጤና ባለሙያ ቫዝሊን እንድትቀባውና ከፀሐይ እንድትከልለው መክሯት እርሱን ታደርጋለች። በሠርጉ ቀን በዱቄት ልትሸፍነው ፈልጋ ነበር፤ አያትየው ግን «ቁስል አይነካካም» ብለው ከለከሉዋት። እንዳለ ወጣች።

ሰውስ ምን አለ? ብለን ጠየቅን።

«ሁሉም ጠየቀኝ» አለችን። «ምነው ዓይንሽ ሥር? ያላለ የለም። መጀመሪያ ላይ አፈርሁ። ኋላ ግን እማማ ከጎኔ ተቀምጣ ለጠየቀ ሁሉ የሌሊቱን ጩኸት እያስመሰለች ስትተርክ እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

ቀጥላም ከቅዳሜ ገበያ ሁለት ጃንጥላ መግዛትዋን ነገረችን። አንዱ ለራስዋ ነው። ሁለተኛውን ባልቴቲቱ «በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ ነው?» ብለው እምቢ ካሉ በኋላ ተቀብለው፥ አሁን ያለ እርሱ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ! ፀሐዩን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ጥላውን ብቻ እናበጃለን። አንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው። ከሩቅ አገር የመጣች እኅት በራችንን ስታንኳኳ «ምነው ጎሰቆልሽ?» ከማለታችን በፊት «እንኳን በደኅና ገባሽ» ብለን ወንበር እንስጣት። ይህን ብናደርግ ብዙ ሰው ፊቱን ሳይለጥፍ በሰላም ተኝቶ ያድራል።